ማን ማንን ይጠራል? የነርሶችን የሥራ ዝምድና ስለ መለካት የተደረገ ዳሰሳ

ጎጃም ዝምድና መቁጠርን ከዩኒቨርሲቲ አልተማረም። አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው፣ በ1973 በመጽሐፍ ያሳተመውም ጉዳይ ይኸው ነበር። ገበሬው በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ ላይ ይቆጥራል፤ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ሲደርስ «ከዚህ ርስት ይደርሰኛል» ብሎ ይቆማል። ሊቆጠር የሚችለው መስመር ብዙ ስለሆነ፣ በስሌት ለአንድ ሰው የሚገባው ርስት በየቦታው የተበተነ ነው። እጁ የሚገባው ግን ባለው ተሰሚነት፣ በሚያቆመው ምስክርና ከጎኑ በሚሰለፍለት ዘመድ መጠን ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱን እስኪያፈርሰው ድረስ ቆጣሪውም ተቆጣሪውም ቆጠራው ለምን እንደሚውል ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ለመሬት ነው።

ዛሬ በዚያው ደጋ ሌላ ዓይነት ቆጠራ አለ። በደብረ ማርቆስ፣ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በደጀን፣ በፍኖተ ሰላም የሚሠሩ ነርሶች ከባልደረቦቻቸው ጋር ምን ያህል እንደሚስማሙ፣ ሐኪሞች አስተያየታቸውን ይቀበሉ እንደሆነ፣ ኃላፊያቸው ይደግፋቸው እንደሆነ የሚጠይቅ ወረቀት በየጊዜው ይቀርብላቸዋል። የማስተርስ ተማሪው ወረቀቱን ሰብስቦ ይሄዳል፤ ከወራት በኋላ መቶኛ ይወጣል። ይህ ዳሰሳ የሚጠይቀው ያ መቶኛ ምን እንደሚለካ ነው፤ አለፍ ብሎም ለማን እንደሚለካ።

ጉዳዩ በነርሶች ላይ የሚጠናበት ምክንያት አለው። የነርስ ሥራ ቅብብል ነው። የጠዋቷ ለከሰዓቱ፣ የከሰዓቱ ለናይት ዱቲው ያስረክባል። ትእዛዝ ከሐኪም፣ ውጤት ከላቦራቶሪ፣ መድኃኒት ከፋርማሲ፣ ካርድ ከካርድ ክፍል ይመጣና ሁሉም በአንድ ነርስ እጅ ያልፋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የአንድ ሕፃን ደም ሥር አልገኝ ሲል ዱቲ ላይ ያለችው ነርስ ማንን ትጠራለች? የተጠራውስ ሳያኮርፍ ይመጣል? በዋርድ ውስጥ ያለ ዝምድና ትርጉም የሚያገኘው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው እንጂ በሠራተኞች ቀን ድግስ ላይ አይደለም።

ዝምድናው እንዳይበቅል የሚደረግበትም ሁኔታ አለ። ኢዛቤል መንዚስ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመችው ጥናት አንድ የለንደን ማስተማሪያ ሆስፒታል የነርሶቹን ሥራ ከፋፍሎ፣ አንዷ የሁሉንም በሽተኞች ትኩሳት ስትለካ ሌላዋ ለሁሉም አልጋ ስታነጥፍ፣ ከዋርድ ዋርድም ቶሎ ቶሎ ሲያዘዋውራቸው አገኘች። መንዚስ እንዳለችው ይህ ሁሉ ከሕመምና ከሞት ጋር በቅርብ መዋል የሚያመጣውን ጭንቀት የመሸሻ ዘዴ ነበር፤ ነርሷ ከበሽተኛውም ከባልደረባዋም ጋር እንዳትጣበቅ ያደርጋታል። ዋጋው ከባድ ነበር፤ ከሠልጣኞቹ ሲሶ ያህሉ ሥልጠናውን ሳይጨርሱ ይሄዱ ነበር። በእኛም ሆስፒታሎች ነርሶች ከሜዲካል ወደ ሰርጂካል፣ ከዚያ ወደ ሕፃናት ዋርድ በሮቴሽን ይዘዋወራሉ። ለልምድ ይጠቅማል፤ አንድ ሰው የሚወዳትን ቦታ ይዞ እንዳይቀርም ያግዛል። ከዝውውሩ ጋር የሚበጠሰውን የመጠራራት ልማድ ግን የሚመዘግብ ቅጽ አላየሁም።

እስካሁን የተሠራውን ስናይ ብዙው የሚያርፈው በስሜት መለኪያ ላይ ነው። ነርሷ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» ድረስ ካሉት አንዱን ታከብባለች። በዓለም ላይ በጣም የተሠራበት የነርስ የሥራ አካባቢ መለኪያ አይሊን ሌክ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣችው ነው። መነሻው በአሜሪካ ነርሶችን ስበው የማቆየት ስም የነበራቸው ሆስፒታሎች ጥናት ነው፤ ያ ጥናት በ1983 ሲታተም 41 ሆስፒታሎችን ይዞ ነበር። የሌክ መለኪያ 31 ዓረፍተ ነገሮችና አምስት ክፍሎች አሉት። ስለ ነርስና ሐኪም ግንኙነት የሚናገሩት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው። ስለ ነርስና ነርስ ግንኙነት ግን ራሱን የቻለ ክፍል የለውም። ይህን ሳነብ ገርሞኛል፤ ነርስ በቀን ውስጥ ከማንም ይልቅ የምታወራው ከነርስ ጋር ነውና።

በአገራችን የነርስና የሐኪም ግንኙነት ቀድሞ ትኩረት ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ሊዮናርድ ስታይን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 እንደጻፈው፣ ነርሷ የሚያስፈልገውን ሕክምና ታውቃለች፤ ሐሳቡ ከሐኪሙ የመነጨ እንዲመስል አድርጋ ግን በዘወርዋራ ትነግረዋለች፤ እሱም እንደዚያው ይቀበላል። ጎንደርም ደብረ ማርቆስም በራውንድ ሰዓት አልጋ አጠገብ የቆመ ሰው ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በቢኤምሲ ነርሲንግ መጽሔት የወጣ ጥናት ጄፈርሰን የተባለውን 15 ጥያቄ ያለው መለኪያ ተጠቅሞ፣ ነርሶች ከሐኪሞች ይልቅ ለትብብር የተሻለ አመለካከት እንዳላቸው አሳይቷል። ጅማ ዞን ውስጥ ባሉ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የነርስና የሐኪም ግንኙነት ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። ሁለቱም የሚነግሩን ግን አንዱ ወገን ስለ ሌላው ምን እንደሚያስብ ነው። የትኛዋ ነርስ ለየትኛው ሐኪም ሌሊት ያለ ፍርሃት ትደውላለች የሚለው እዚያ ውስጥ የለም። አማካይ ቁጥሩ አንድ ሐኪም ሁሉም የሚሸሸው፣ ሌላው ሁሉም የሚጠራው መሆኑን ይውጠዋል።

ከሥራ ውጭ ያለውን ድጋፍ ለመለካት በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ዘንድ የተለመደው «ኦስሎ 3» የተባለው ነው። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፤ በችግር ቀን የምትተማመንባቸው ሰዎች ስንት ናቸው፣ ሰዎች ስለ አንተ ጉዳይ ምን ያህል ይገዳቸዋል፣ ከጎረቤት እርዳታ ማግኘት ምን ያህል ይቀላል። ድምሩ ከ3 እስከ 14 ይደርሳል፤ 8ና ከዚያ በታች ደካማ፣ 12ና ከዚያ በላይ ጠንካራ ይባላል። አጭር መሆኑ ተወዳጅ አደረገው። ነገር ግን ከቢቸና ተመድባ መጥታ ደብረ ማርቆስ ክፍል ተከራይታ ለምትኖር፣ ግማሽ ወሯን ናይት ለምታድር ነርስ ጎረቤት ማን ነው? አከራይዋ ናት? ወይስ አብራት ዱቲ የምትገባው ልጅ? መለኪያው ይህን አይለይም፤ ዝቅተኛ ነጥብ ትወስድና «ደካማ ማኅበራዊ ድጋፍ» ከሚለው ዓምድ ትገባለች።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ የሚያሳዝነው የናሙና አወሳሰዱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፈ ሁሉ አካሄዱን በቃሉ ያውቀዋል። ነጠላ የሕዝብ ምጣኔ ቀመር ይወሰዳል፣ 10 ከመቶ ላልመለሱ ይጨመራል፣ ለየሆስፒታሉ በድርሻ ይከፋፈላል፣ በዕጣ ይመረጣል፣ በኤስፒኤስኤስ ይተነተናል። የደም ማነስን ሥርጭት ለማወቅ ይህ ትክክለኛ መንገድ ነው። ዝምድናን ግን ይበጥሳል። 30 ነርሶች ያሉበት ዋርድ እንውሰድ። እያንዳንዷ ስለ ሌሎቹ 29 ልትጠየቅ ስለምትችል ሊኖሩ የሚችሉት መስመሮች 870 ናቸው። ግማሾቹን በዕጣ ብንመርጥ በ15ቱ መካከል ያሉት መስመሮች 210 ብቻ ይሆናሉ። ከሰዎቹ ግማሹን ይዘን ከዝምድናው ሩብ እንኳ አልያዝንም። ዕጣው የጣላት አንዷ ነርስ ምናልባት ሁሉም የሚጠራት ሊሆን ይችላል።

የዚህ ውጤት በምሥራቅ ጎጃም በግልጽ ይታያል። በ2013 እ.ኤ.አ. በዞኑ የመንግሥት ጤና ተቋማት ውስጥ በሚሠሩ ነርሶች ላይ ሥራ የመልቀቅ ሐሳብ ተጠንቶ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመልቀቅ ሐሳብ ነበራቸው። ጥናቱ ምክንያቱን እንደ ወጉ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ፈለገ። ግን ሰው ብቻውን ይለቃል? እ.ኤ.አ. በ1986 ዴቪድ ክራክሃርትና ላይመን ፖርተር በፈጣን ምግብ ቤት ሠራተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት መልቀቅ በሰው ሁሉ ላይ እኩል እንደማይወድቅ አሳይተዋል፤ በሥራው ግንኙነት ውስጥ ተመሳሳይ ቦታ አለን ብለው በሚተያዩ ሰዎች መካከል እየተከታተለ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድመው ያወጡት ጽሑፍ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ይዟል። ወዳጆቻቸው ለቀውባቸው የቀሩት በሥራቸው የባሰ ተስፋ ይቆርጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከለቀቁት ጋር ይበልጥ የተቀራረቡት ከዚያ በኋላ የተሻለ ረክተውና ጸንተው ተገኙ። እንደሚመስለኝ ትልቁ ቅሬታ ከለቃቂው ጋር አብሮ ሄዷል፤ የቀረውም መቅረቱን ለራሱ ማስረዳት ነበረበት።

ይህ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ ምን ይመስላል? በአንድ ኮሌጅ የአንድ ባች ተማሪዎች አብረው ይመረቃሉ፤ ተመድበው በየወረዳው ይበተናሉ፤ ግን አይለያዩም። አንዷ አዲስ አበባ የግል ሆስፒታል ስትገባ የቅጥር ማስታወቂያው ፎቶ በዚያው ቀን ሉማሜም የጁቤም ይደርሳል። ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ዝነኛ ጽሑፍ የሥራ ወሬ ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ ከሩቅ ትውውቅ እንደሚመጣ ይናገራል፤ የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህና። የባች ትውውቅ እንዲህ ያለ ሩቅ ግን ያልተበጠሰ ነገር ነው። አንድ ሆስፒታል በአንድ ዓመት ሰባት ነርሶች ከለቀቁበት፣ ሰባቱ በደመወዝ ምክንያት ሄዱ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ከሰባቱ አምስቱ አንድ ባች መሆናቸውን የሚያይ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ደመወዙማ ለቀሩትም ያው ነው።

ሰውን ስለ ሰው በስም መጠየቅ የጀመረው ጃኮብ ሞሬኖ ነው ቢባል ብዙ ስህተት የለውም። መነሻውም መኮብለል መሆኑ ለጉዳያችን ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ1932 መጸው በኒውዮርክ ግዛት ሀድሰን በሚገኝ የልጃገረዶች ማሠልጠኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ 14 ልጆች ጠፉ። ሞሬኖና የሥራ ባልደረባው ሔለን ጄኒንግስ ልጃገረዶቹን «ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?» እያሉ ጠየቁ፤ መልሱን በነጥብና በመስመር ሣሉት። የጠፉት ልጆች በመስመሩ ላይ ተያይዘው ተገኙ። ይህ ታሪክ በየመጽሐፉ ይጠቀሳል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ሞሬኖ አጥብቆ የያዘው ሁኔታ ነው፤ ጥያቄው እውነተኛ ውጤት ሊኖረው ይገባል። «ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ» ከተባለች በመልሷ መሠረት የቤት ድልድሉ መስተካከል አለበት። ካልሆነ መልሱ ወሬ ነው። እኛ አገር ነርሶች የሚሰጧቸው መልሶች ለምን እንደተለሰለሱ ለሚገረም ሰው፣ አንዱ መልስ እዚህ አለ። ዓመት በመጣ ቁጥር ተጠይቀው አንድም ጊዜ የዱቲ ፕሮግራም በመልሳቸው ምክንያት ሲቀየር ያላዩ ሰዎች ናቸው።

በስም የመጠየቁ ዘዴ ዛሬ በሆስፒታሎች በሰፊው ይሠራበታል። በአውስትራሊያ አንድ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ውስጥ ኒኮላ ክሬስዊክና ባልደረቦቿ ሠራተኛውን በሙሉ በስም ዝርዝር ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ችግር ሲገጥምህ ማንን ትጠይቃለህ፣ ስለ መድኃኒት ምክር ከማን ትወስዳለህ፣ ከሥራ ውጭ ከማን ጋር ትጫወታለህ። ሦስቱ ሥዕሎች የተለያዩ ሆኑ። ነርስ በአብዛኛው ነርስን፣ ሐኪም ሐኪምን ይጠይቃል፤ ክፍሉ አንድ ይመስላል እንጂ በሙያ የተሰነጠቀ ነበር። ይህን የትኛውም አማካይ ነጥብ አያሳይም።

ዘዴው ግን ጥብቅ ነው። ሰው በቃሉ ጥራ ሲባል ይረሳልና የሙሉ ዝርዝር መቅረብ ይሻላል። ያልመለሰ ሰው ደግሞ እንደ ተራ መጠይቅ በ10 ከመቶ ጭማሪ አይካካስም። ከ30ዎቹ ነርሶች ስድስቱ ባይመልሱ፣ ከሁለቱም ወገን ሊረጋገጥ የሚችለው 552 መስመር፣ ከጠቅላላው 63 ከመቶ ይሆናል። ሌላም ወጥመድ አለ። ሄድ ነርሷ በሁሉም መልስ ውስጥ ትገባለች፤ ፈቃድም ቁልፍም በእሷ እጅ ነውና። ይህን አይቶ «ተወዳጅ መሪ» ብሎ የሚጽፍ ተንታኝ ወንበሩን ከሴትዮዋ አልለየም።

እስካሁን ያለው የቴክኒክ ነገር ነው፤ ይሠራል፣ ይስተካከላል። በጎጃም ደጋ ላይ ዋናው እንቅፋት ከዚህ ውጭ ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት መንግሥት ራሱ ሰውን በመረብ አደራጅቶ ነበር። በገጠር እስከ 30 የሚደርሱ አባወራዎች በአንድ የልማት ቡድን፣ በውስጡም አንድ ለአምስት ተደረጉ፤ የጤና ልማት ሠራዊት የተባለው የቆመው በዚህ ላይ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም፣ ሆስፒታሎችም ጭምር፣ በለውጥ ሠራዊት ስም ወደ ተመሳሳይ አደረጃጀት ገቡ። ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና ሥራው የራሱ ፍሬ እንደነበረው የሚናገሩ አሉ፤ አልክድም። በብዙ ሠራተኛ ዘንድ የተረፈው ትዝታ ግን ከአምስቱ መካከል ማን ምን እንዳለ ወደ ላይ የሚሄድበት መስመር መሆኑ ነው። ግምገማ ላይ ስም ይነሣል፤ የተነሣ ስም ይመዘገባል። በዚህ ያለፈ ሠራተኛ ፊት የባልደረቦቹን ስም ዝርዝር ዘርግቶ «ከእነዚህ ማንን ታምናለህ?» ብሎ መጠየቅ ከአውስትራሊያው ክፍል ጋር አንድ አይደለም።

ጊዜውም አልረዳም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የማን ወዳጅ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ከባድ አድርጎታል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በጥቅማጥቅም ጥያቄ ሥራ ባቆሙ ጊዜም ባለሙያዎች መታሰራቸው ተዘግቧል፤ እንቅስቃሴው በብዛት የተቀናጀው በማኅበራዊ ሚዲያ ነበር። ከዚህ በኋላ ስለ ነርሶች ትስስር በስም የተሞላ ሠንጠረዥ በአንድ ተመራማሪ ላፕቶፕ ውስጥ መኖሩ ብቻ አደጋ ነው። በስም ፈንታ ቁጥር ሰጥቻለሁ ማለት አይበቃም። 30 ሰው ባለበት ዋርድ ውስጥ «ወንድ፣ ዲፕሎማ፣ ስምንት ዓመት ያገለገለ» ማለት ስም መጥራት ነው። ተራው የፈቃድ ቅጽም ይህን አይሸፍንም፤ ወረቀቱን የሞላችው ፈቅዳለች፣ በወረቀቱ ላይ የተጠራችው ግን አልተጠየቀችም።

ታዲያ መለካቱ ይቅር? አይቅር። ስም የማይጠይቅ መንገድ አለ፤ እኔ ወደዚያ አደላለሁ። ጆዲ ሆፈር ጊተል በአየር መንገዶች ላይ ጀምራ ወደ ሆስፒታሎች ያመጣችው ዘዴ የሚጠይቀው ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ሥራ ድርሻ ነው። የላቦራቶሪ ሠራተኞች በሰዓቱ ያሳውቋችኋል? መረጃቸው ትክክል ነው? ችግር ሲፈጠር ጥፋተኛ ይፈልጋሉ ወይስ መፍትሔ? ሥራችሁን ያውቃሉ? ያከብሩታል? ጥያቄዎቹ ሰባት ናቸው፤ አራቱ ስለ መነጋገር፣ ሦስቱ ስለ ጋራ ግብ፣ ስለ ጋራ ዕውቀትና ስለ መከባበር። በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ መገጣጠሚያ በሚቀይሩ ዘጠኝ የአሜሪካ ሆስፒታሎች፣ በሙያዎች መካከል ያለው ቅንጅት የተሻለ በሆነበት ቦታ ሕሙማን ቶሎ ከሆስፒታል ወጥተዋል። መስመሩ የሚሣለው በነርስና በላቦራቶሪ መካከል እንጂ በእነ እገሊትና በእነ እገሌ መካከል ስላልሆነ ማንም አይጋለጥም። ደብረ ማርቆስ ላይ ለመጀመር ይህ ይበቃል፤ ከመጀመሩ በፊት ግን የድርሻዎቹ ዝርዝር ይስተካከል። አስታማሚን ያልጨመረ የዋርድ ሥዕል የእኛ ዋርድ አይደለም። ምግብ የሚያቀርበው፣ ከፋርማሲ የጠፋውን መድኃኒት ከተማ ወርዶ የሚፈልገው፣ ሌሊት «ሲስተር፣ አየሩ አለቀ» ብሎ ነርሷን የሚጠራው አስታማሚው ነው። ጥበቃውም ይግባ፤ አስታማሚ ይግባ አይግባ የሚወስነው እሱ ነውና። የውጭው መለኪያ እነዚህን አያውቅም፤ ባለማወቁም አይወቀስም፤ ሳያስተካክል የሚገለብጠው ሰው እንጂ።

ሁለተኛው መንገድ ሰው የሚለውን ትቶ የሚያደርገውን ማየት ነው። በየዋርዱ ግድግዳ ላይ የወሩ የዱቲ ፕሮግራም ተለጥፏል። በላዩ ላይ የእስክሪብቶ ስርዝ ድልዝ አለ፤ እገሌ ከእገሊት ጋር ተቀያየረ፣ ሄድ ነርሷ ፈረመች። ሰው ወዳጁን «እወደዋለሁ» ብሎ ወረቀት ላይ ቢያከብብ ዋጋ አያስከፍለውም። የጥምቀትን ሌሊት ናይት ገብቶለት ማደር ግን ያስከፍላል። የአንድ ዓመት ፕሮግራም ስም ተሸፍኖ ቢተነተን ስንት ቅያሬ እንደነበረ፣ ስንቱ እንደተመለሰ፣ ስንት ሰው ከማንም ጋር እንደማይቀያየር ይወጣል። ጎጃሜ ለዚህ የሚሆን ልዩነት አስቀድሞ ያውቃል፤ ወንፈል ቀን በቀን የሚመለስ ጉልበት ነው፣ ጅጌ ግን በልቶ ጠጥቶ የሚሠራ፣ ወዲያው የማይተሳሰብ ጉልበት ነው። አንድ ዋርድ ሁሉም ቅያሬ ወዲያው የሚመለስበት ወንፈል ብቻ ከሆነ ሰዎቹ ይተሳሰባሉ ማለት ነው፤ በሁለቱም ትርጉም። ያልተመለሰ ቅያሬ የበዛበት ዋርድ ግን ወይ መተማመን አለበት ወይ አንዱ እየተበዘበዘ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ወረድ ብሎ ማውራት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ በሩን ብቻ ያሳያል። ዱቲ ክፍያ ስላለው ደግሞ ቅያሬ የሚመስል ሁሉ ውለታ አይደለም። ቤት ኪራይ የከበደው ሰው የሌሎችን ዱቲ ይሰበስባል።

ዕቁብና የለቅሶ መዋጮ ዝርዝርም በአንድ ሆስፒታል ማን ከማን ጋር እንደቆመ ይናገራል። እነዚህን ግን ተመራማሪ ባይነካቸው እመርጣለሁ። ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ዓይን ውጭ የሚያቆማቸው ነገሮች ናቸው፤ ጥቅማቸውም ግማሹ ከዚያ ይመነጫል። የቴሌግራም ግሩፕን መቁጠርም እንደዚሁ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ብቻ ትክክል አይሆንም።

የውጭው ዓለም ልምድ ራሱ ልብ የሚሞላ አይደለም። ዳንከን ቻምበርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በጤና ተቋማት የተሠሩ የማኅበራዊ ትስስር ጥናቶችን ሲገመግሙ፣ ጥናቶቹ ከጥቂት በስተቀር ያለውን መረብ ሥለው የሚያበቁ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ሥዕሉን ተጠቅሞ አሠራር የለወጠ እምብዛም አልነበረም። ቆንጆ የነጥብና የመስመር ሥዕል በመመረቂያ ጽሑፍ ገጽ ላይ ያምራል። ደብረ ማርቆስ ላይ ሌላ እንዲህ ያለ ሥዕል አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ውሳኔ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ መለካት ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታም አለ። በጤና ሥርዓታችን አወቃቀር የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እስከ 100 ሺህ ሰው፣ ጠቅላላ ሆስፒታል እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ያገለግላል። በነዚህ ደረጃዎች መካከል በሽተኛ ሲላክ የሚያገናኘው የሊያይዞን ክፍል ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ ጤና ጣቢያ ነርስ ደም የሚፈሳትን እናት ልትልክ ስትል ሁለት ምርጫ አላት፤ የሊያይዞኑን ቢሮ ስልክ መደወል ወይም ደብረ ማርቆስ የሚሠራ የባቿን ልጅ በግል ስልኩ ማግኘት። ሁለተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል ይባላል። ሮናልድ በርት እ.ኤ.አ. በ1992 እንደጻፈው በሁለት ያልተገናኙ ቡድኖች መካከል የቆመ ሰው ከቦታው ራሱ ይጠቀማል፤ ያ ሰው ሲሄድ ግን ክፍተቱ ተመልሶ ይከፈታል። የባቿ ልጅ ወደ ሌላ ዋርድ በሮቴሽን ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ ያች ጤና ጣቢያ ደብረ ማርቆስን አጣች ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ከሚላኩት እናቶች ስንቱ በቢሮው ስልክ፣ ስንቱ በግል ትውውቅ እንደሚያልፉና የትኛው ቶሎ አልጋ እንዳገኘ ነው። በግል ትውውቅ ያለፉት ከበለጡ የሊያይዞኑ ስልክ ማታ ማታ በማን እጅ እንደሚያድር መወሰን የሆስፒታሉ አስተዳደር ሥራ ይሆናል። ለዚህ የአንድም ነርስ ስም አይጠየቅም፤ በየጤና ጣቢያው አንድ ደብተር፣ ሦስት ዓምድና ጥቂት ወራት ይበቃሉ።